በሐረና ደን ወንዝ ዳር ለማደር

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የምንሠራ አራት ባልደረቦች ነን። በታኅሣሥ ወር ወደ ባሌ ሄደን፣ መጸዳጃም ሆነ የቧንቧ ውሃ በሌለበት በሐረና ደን ውስጥ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለን ለማደር አስበናል። ድንኳኑን ከወንዙ ምን ያህል እናርቀው? ውሃውንስ መጠጣት ይቻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዎቻችን፣ ከርቀቱ ይልቅ ከፍታውን አስቀድማችሁ እንድትመለከቱ አጥብቀን እንመክራለን። እናንተ ጋ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከላይ ተራራው ላይ የጣለ ዝናብ ወንዙን በድንገት ሊሞላው ይችላል። የአራት ኪሎ ሰው ይህን ከቀበና ያውቀዋል፤ ሰፈሩ ፀሐይ ሆኖ ሳለ እንጦጦ ላይ የዘነበው ደፍርሶ ይመጣል። ታኅሣሥ በባሌ የበጋ ወር ቢሆንም ዝናብ ፈጽሞ አይጥልም ማለት አይደለም። ስለዚህ በቁጥቋጦዎች ላይ ተጠላልፎ የቀረ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ካያችሁ፣ ውሃው እስከዚያ ደርሶ እንደነበር ተረድታችሁ ከዚያ ምልክት በላይ ወዳለው ደልዳላ ቦታ ውጡ። ለስላሳ አሸዋ የተኛበት የወንዝ ዳርቻ ለዓይን የሚማርክ ቢሆንም አሸዋውን ያመጣው ጎርፍ ነው። አብሯችሁ የሚሄደውን ስካውትም (የፓርኩን ጠባቂ) ውሃው በክረምት እስከ የት እንደሚደርስ ጠይቁት፤ ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ መልስ ይሰጣችኋል።

ከፍ ማለት ሌላም ጥቅም አለው። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወርዶ ሸለቆው ሥር ስለሚጠራቀም፣ ከወንዙ ጥቂት ሜትሮች ከፍ ብሎ ያደረ ሰው ብርዱም ጤዛውም ይቀልለታል። ሆኖም ከስሊፒንግ ባግ ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ስፖንጅ አትርሱ፤ ሙቀትን ይበልጥ የሚወስደው መሬቱ ነው። ድንኳኑን ከመትከላችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ በአሮጌ ኮሶ ወይም ዝግባ ላይ የደረቀ ቅርንጫፍ ከተንጠለጠለ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ውሃውን በተመለከተ፣ ጥርት ብሎ መታየቱ ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በሐረና ሰዎች ይኖራሉ፣ ከብቶችም ይሰማራሉ፤ ከላይ የገባው ጃርዲያ ወይም ሌላ ተሐዋስ ከታች ወደሚቀዳው ጀሪካን ይደርሳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ውሃ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ያስፈልጋል። የደፈረሰ ከሆነ አስቀድማችሁ አጥልሉትና በንጹሕ ጨርቅ አጣሩት። የክሎሪን መድኃኒትም ይረዳል፤ ነገር ግን ሁሉንም ተሐዋስ ስለማይገድል ማፍላቱን እናስቀድማለን።

ለመጸዳጃ ከወንዙ ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ ስትጨርሱም አፈሩን መልሱበት። ሰሃን ማጠብም ሆነ ገላ መታጠብ ሲያስፈልግ ውሃውን ቀድታችሁ ያንኑ ያህል ርቃችሁ ተጠቀሙ እንጂ ሳሙና ወንዙ ውስጥ አታስገቡ። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፤ መኪና ካላችሁ እዚያ ቆልፉበት፤ ጅብና ከርከሮ ሽታ ተከትለው ይመጣሉና።

ሐረና የሚገኝበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ፣ ደስ ባለን ቦታ እንሰፍራለን ማለት አይቻልም። ዲንሾ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ክፍያ ፈጽማችሁ፣ የት ማደር እንደሚፈቀድላችሁ አስቀድማችሁ ተረዱ። ሐረና የምትደርሱት ከጎባ ተነሥታችሁ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ አቋርጣችሁ ስለሆነ፣ ወፍራም ልብሳችሁን ሻንጣ ሥር አትቅበሩት።

እሳትን በሚመለከት ግን አቋማችን ጥብቅ ነው። በ1992 ዓ.ም. በባሌ ደኖች የተነሣው ከባድ ሰደድ እሳት የደረሰው በበጋ ነው፤ እናንተም የምትሄዱት በበጋ ነው። ምግባችሁን በጋዝ ምድጃ አብስሉ። እሳት ማንደድ በተፈቀደበት ቦታ ካነደዳችሁም ቀድሞ በተነደደበት ምድጃ ላይ ይሁን፤ ከመተኛታችሁ በፊት ውሃ አፍስሱበት፣ አመዱን አማስሉት፣ እንደገና አፍስሱበት፤ በእጃችሁ ስትነኩት ቀዝቃዛ እስኪሆን ድረስ አንድ ሰው እንኳ ከአጠገቡ አይነሣ።