የወረፋ ጓደኞች፣ ጎመንና ዋርፋሪን

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አንድ ሕመም የሚጠይቁ ናቸው፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ስለሚባለው የልብ ምት መዛባት። የልብ የላይኛው ክፍሎች በወጉ መኮማተራቸውን ትተው ይርገበገባሉ። ምቱ ወጥነት ያጣል፤ ደሙም በልብ ጥግ ቆሞ ይረጋል። የረጋው ተነሥቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያስከትላል። በአገራችን ብዙ ጊዜ መነሻው በልጅነት የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ያጠበበው ቫልቭ (የልብ የደም በር) ስለሆነ፣ ታማሚዎቹ ገና በሥራና በልጅ ማሳደግ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው። ሚትራል የተባለው የልብ ቫልቭሽ ጠቧል፣ ምቱም ተዛብቷል ተብዬ የደም መርጋት መከላከያውን ዋርፋሪን ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በዓቢይ ጾም አይ ኤን አር 1.4 ወረደብኝና የመድኃኒቱ መጠን ተጨመረልኝ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ 4.6 ሆነ። ጎመን አትብዪ ተብያለሁ፤ ታዲያ በጾም ምን ልብላ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይ ኤን አር ደምዎ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካ ቁጥር ነው። ለእርስዎ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። 1.4 ሲሆን መድኃኒቱን እየዋጡም ከስትሮክ በበቂ አልተጠበቁም፤ 4.6 ሲሆን ደግሞ የመድማት አደጋው ይጨምራል።

ጥፋቱ የጎመኑ አይደለም፤ የመዋዠቁ ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው ደም እንዲረጋ የሚረዳውን የቫይታሚን ኬን ሥራ በማገድ ነው፤ የሀበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ደግሞ በዚሁ ቫይታሚን የተሞሉ ናቸው። በጾም ጎመን በየቀኑ ሲበሉ የቀድሞው የመድኃኒት መጠን አልበቃ አለ፤ ተጨመረ። በፋሲካ ጎመኑ ቀረና ዶሮው መጣ፤ የተጨመረው ክኒን ግን እንዳለ ቀጠለ። 4.6 የመጣው ከዚያ ነው።

ጎመንን ጨርሶ መተው ችግሩን ያብሰዋል፤ ቫይታሚኑ በሰውነት ውስጥ ሲያንስ አንድ ሳህን ጎመን እንኳ ቁጥሩን ይገለብጠዋል። የሚሻለው ልክ ማበጀት ነው፤ ለምሳሌ ረቡዕና ዓርብ ሁለት ሁለት ጭልፋ፣ ጾምም ሆነ ፍስክ፣ ዓመቱን ሙሉ። የቀሩትን የጾም ቀናት ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ድንች፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይሙሉበት፤ እነዚህ ቁጥሩን እምብዛም አያናውጡም።

የመጠን ለውጥ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ ጾም ከገባ ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀናት ውስጥ አንዴ፣ ከፋሲካ በኋላም በዚያው ልክ አንዴ ይመርመሩ፤ ቀኑን አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ። ክኒኑን ማታ 2 ሰዓት ይውሰዱ። ከጾም ሰዓት ጋር አይጋጭም፤ ጠዋት የወጣ ውጤትም የዚያኑ ማታ መጠን ለማስተካከል ይደርሳል። ረስተው ያንኑ ሌሊት ካስታወሱ ይዋጡት። ካደረ ግን ይለፉት፤ ሁለት አንድ ላይ በጭራሽ አይውሰዱ።

አንድ ደብተር ይያዙ። «የካቲት 17፣ 5 ሚሊ ግራም፣ አይ ኤን አር 2.4፣ ጾም ገባ። የካቲት 26፣ 1.9፣ ጎመን በዛ።» ይህን ያህል ብቻ ይበቃል። ሐኪሙ ቁጥሩን ብቻ ሲያይ መጠን ይቀይራል፤ ምክንያቱን ሲያይ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነካው ይተወዋል። የኢንፌክሽን መድኃኒቶቹ ሜትሮኒዳዞል፣ ኮትሪሞክሳዞል ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ከታዘዘልዎም ይጻፉት፤ ሦስቱም ቁጥሩን ወደ ላይ ይወስዱታል። የቲቢው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው በኃይል ያወርደዋል። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለእርስዎ አይሆኑም።

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ምታቸው የተዛባ ነው፤ ምቱን የሚያዘገየውን ዲጎክሲንና የሚያሸናውን ላዚክስ ይወስዳሉ። የቤቱ የግፊት መለኪያ በለካን ቁጥር የተለያየ ቁጥር ያወጣል። ተበላሽቶ ይሆን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መሣሪያው ሳይበላሽ አይቀርም ብላችሁ አትጣሉት። ምት ሲዛባ እያንዳንዱ ምት የሚገፋው ደም ስለሚለያይ ግፊቱም ይለያያል። አባትዎ አምስት ደቂቃ ዐረፍ ይበሉ፤ በአንድ አንድ ደቂቃ ልዩነት ሦስቴ ይለኩና አማካዩን ይጻፉ። መሣሪያው የሚያሳየውን የልብ ምት ግን አትመኑት፤ በእጅ ይቁጠሩ። አመልካችና መሐል ጣትዎን ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ ከእጅ አንጓው ላይ ያሳርፉና ሙሉ 60 ሴኮንድ ይቁጠሩ። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለወጥ ምት እንጂ ለዚህ አይሠራም። ደካማ ምቶች አንጓው ድረስ ስለማይደርሱ ልባቸው ከቆጠሩት በላይ እየመታ ሊሆን ይችላል። በዕረፍት ከ110 በታች ከሆነና ደኅና ነኝ ካሉ ብዙ ሐኪሞች ይቀበሉታል። ዐርፈው ሳሉ ከ120 በላይ ሆኖ ከቀጠለ፣ ወይም ከ50 ወርዶ ራስ ካዞራቸው፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

አንድ ነገር አደራ። ምግብ ካስጠላቸው፣ ካቅለሸለሻቸው ወይም ዕቃው ሁሉ ቢጫ ቢጫ ከታያቸው «ጨጓራ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ላዚክስ ፖታሲየምን ያጥባል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲን መርዝ ይሆናል። የዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ጥያቄ፦ እህቴ አዲስ አበባ ናት፤ ቫልቯ ጠቦ ዋርፋሪን ትወስዳለች። እዚህ ለምት መዛባት የደም ምርመራ የማያስፈልገው አፒክሳባን ይታዘዛል። ልላክላት? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ አይላኩ። በ2022 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ውጤት ወጥቷል። ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ልብ ታማሚዎችን በ24 አገሮች የተከታተለ ሲሆን፣ እንደ አፒክሳባን ካሉት አዲሶቹ የደም መርጋት መከላከያዎች አንዱን፣ ሪቫሮክሳባንን፣ ከዋርፋሪን ዓይነቱ ጋር አነጻጽሯል፤ በዋርፋሪኑ በኩል የሞቱት አነሱ። የብረት ቫልቭ ላለበት ሰውም አዲሶቹ አይመከሩም። ዋርፋሪን ራሱን የሚልኩ ከሆነም ቀለሙ እንዳያታልላት። በአሜሪካ ሮዝ ክኒን 1 ሚሊ ግራም ነው፤ በእንግሊዝ ሮዙ 5 ነው። የምርመራና የትራንስፖርት ገንዘብ መላክ ከሁሉም ይጠቅማታል።

ጥያቄ፦ ለአይ ኤን አር ስንሰለፍ የተዋወቅን ሰባት ታማሚዎች አለን። ቴሌግራም ላይ ተሰባስበናል። ሌሊት ልብ ሲዘል የሚረዳኝ ሰው ማግኘቴ ትልቅ ነገር ነው። ግን አንዱ «የእኔን መጠን ሞክሪ» ይላል፣ ሌላዋ ጸበል ጀምራ ክኒኑን ትታለች። እንዴት እንያዘው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህን ስብስብ እንዳትበትኑት። ቤተሰብ «ፈርተሽ ነው» የሚለውን ነገር ያለ ማብራሪያ የሚረዳው ያው የወረፋ ጓደኛ ነው። ሕጋችሁ ግን አንድ ይሁን፦ ማንም የማንንም መጠን አይናገር፣ ክኒንም አይዋዋስ። በቀን 2.5 ሚሊ ግራም የሚበቃውም፣ 10 የሚያስፈልገውም ሰው በአንድ ወረፋ ላይ ይቆማሉ።

መድኃኒት ሲጠፋ የትኛው ፋርማሲ እንዳለው ተነጋገሩ። የምርመራ ቀን ያለፈበትን ደውሉለት። በየወሩ ትንሽ ትንሽ አዋጡና የምርመራ ክፍያ ላጣ ሰው አውሉት፤ ዕቁብና ዕድርን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሴቶቹ ለብቻችሁ የምታወሩበት ይኑራችሁ። ዋርፋሪን በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ፅንስን ይጎዳል፤ የወር አበባ የዘገየባት ክኒኑን በራሷ ሳታቆም በዚያው ሳምንት ትመርመር። ይህን በወንዶች ፊት የምትጠይቅ ጥቂት ናት።

ጸበሉን የጀመረችውን እህት አትንቀፏት። ቤተ ክርስቲያን በኤች አይ ቪ ጊዜ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በይፋ አስተምራለች። አንዳችሁ ክኒኗን ይዛችሁ አብራችኋት ሂዱ።

የሩማቲኩ ሕመም እንዳያገረሽ በየወሩ ፔኒሲሊን የምትወጉ ካላችሁ ዋርፋሪን ጀመርን ብላችሁ አታቋርጡ። ከመርፌው በፊት አይ ኤን አሩ በልኩ መሆኑን አረጋግጡ፤ ከተወጋችሁ በኋላ ቦታውን ሳታሹ አሥር ደቂቃ አጥብቃችሁ ያዙት።

የሁላችሁንም የቤተሰብ ስልክ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ተካፈሉ። በድምፅ መልእክት የአንዱ አንደበት ከተሳሰረ፣ ወይም ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከወረደና እጁ አልነሣ ካለ፣ ሰዓቱን መዝግቡና ቤተሰቡ ጋ ደውሉ። ሆስፒታል ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ሰዓትና የመጨረሻው አይ ኤን አር ነው።