ምጣድ የሚሰካበት ሶኬት ሲሸት

«ምጣድ ስሰካ ሶኬቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፣ አከራዬ ስልክ አያነሱም» ላልሽው፦ ሶኬቱን ሳትነኪ መጀመሪያ ብሬከሩን (ጭነት ሲበዛ መብራት የሚያቋርጠውን) አውርጂ። ጭስ ካየሽ ከቤት ውጪና ለእሳት አደጋ (አዲስ አበባ ከሆንሽ 939) ደውይ። ውሃ እንዳትደፊበት!

ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ነው። በማከፋፈያ ወይም በቀጭን ሽቦ ከሆነ መጋሉ አይቀርም። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦውንም ይይልሽ። ብሬከሩን ብቻ በትልቅ ልቀይረው ካለሽ እሺ እንዳትይ፤ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይነዳል።

ከማሠራትሽ በፊት ፎቶ አንሺና ከነዋጋው ለአከራይሽ በቴሌግራም ላኪላቸው። እኔ በቃል ብቻ ተነጋግሬ «መቼ ተባባልን?» ተብዬ ሙሉውን ከኪሴ ከፍያለሁ። የጠቆረውን አሮጌ ሶኬትም እንዳትጥይው፣ ሲመጡ በዓይናቸው ይዩት።