ሦስት ሙዚየም በአንድ ቀን? የመቅደላውን ዘውድ ያስቀድሙ

ጥያቄ፦ ልጄን ልጠይቅ ወደ ለንደን ልሄድ ነው። ሳውዝ ኬንሲንግተን በሚባለው ሰፈር ሦስት ታላላቅ ሙዚየሞች ጎን ለጎን እንዳሉ ሰምቼ፣ ከሁለት የልጅ ልጆቼ ጋር በአንድ ቀን ላዳርሳቸው አስቤያለሁ። ታናሹ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ብዙ መቆም አልችልም። ከመቅደላ የተወሰደው ዘውድ እዚያ አለ የሚባለውስ እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እውነት ነው፣ እናቴ። ዘውዱ የሚገኘው በቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። ሦስቱን በአንድ ቀን የሚለውን ሐሳብ ግን ይተዉት። እንግዳ ሳስጎበኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሁሉን ላዳርስ ያለ ሰው ማታ የሚያስታውሰው የእግሩን ሕመም ብቻ ነው።

ጠዋት፣ ጉልበትዎ ሳይደክም፣ ከዘውዱ ይጀምሩ። ከወርቅና በወርቅ ከተለበጠ መዳብ የተሠራ ነው፤ እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ አሠርተው ለጎንደር ቁስቋም ማርያም እንደሰጡት ይታመናል። አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ካስመጡት በኋላ በ1860 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1868) የእንግሊዝ ጦር ዘርፎ ወሰደው። ከዚያው የተዘረፈ የወርቅ ጽዋም በስብስቡ አለ። ቅርሶች ከክፍል ክፍል ስለሚዛወሩ፣ አንዳንዶቹም ለዕይታ ስለማይወጡ፣ ልጅዎ በሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ «መቅደላ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፋ የክፍሉን ቁጥር አስቀድማ ትያዝ።

ለልጆቹ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁን ነገር ይንገሯቸው። ወደ እንግሊዝ ሲወሰድ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ከታናሹ የልጅ ልጅዎ ያንሳል። እናቱ በጉዞ ላይ ሞተችበት፤ እሱም ገና በ18 ዓመቱ በ1872 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1879) እዚያው እንግሊዝ አርፎ ዊንድዘር ተቀበረ። ይህን የሰማ ልጅ ዘውዱን እንደ ጌጥ ብቻ አያየውም። እኔ በበኩሌ ቅርሶቹ ወደ አገራቸው መመለስ አለባቸው ብዬ አምናለሁ፤ እስከዚያው ግን የእኛ ልጆች ሄደው ሊያዩአቸው ይገባል።

ከዚያ በኋላ ወደ ሙዚየሙ ግቢ ወጥተው ይቀመጡ። መካከሉ ላይ ጥልቀት የሌለው የውኃ ገንዳ አለ፤ በበጋቸው ልጆች እግራቸውን ነክረው ይጫወቱበታል። ሲወጡ በኤግዚቢሽን ጎዳና በኩል ያለውን የሕንጻውን ግድግዳ ያሳዩአቸው። የተቦዳደሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ነው፤ ለመታሰቢያ ሲባል ሳይጠገን ቀርቷል።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ይምረጡ። በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዋና አዳራሽ ከ25 ሜትር በላይ የሚረዝም የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አጽም ከጣሪያው ተንጠልጥሏል፤ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህ ይበልጥበታል። ታላቅየው ወይም ታላቅየዋ የጠፈር ነገር ከወደዱ፣ በ1961 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1969) ጨረቃን ዞሮ የተመለሰው አፖሎ 10 መንኮራኩር ሳይንስ ሙዚየም ውስጥ ነው። ሁለቱንም አይሞክሩ።

ከምድር ባቡር ጣቢያው ወደ ሙዚየሞቹ የሚያደርስ የእግረኛ መተላለፊያ ከመሬት በታች ስላለ ዝናብ አያሳስብዎ። ተሽከርካሪ ወንበር ወይም መቀመጫ መግቢያው ላይ ይጠይቁ፤ አይፈሩ። ከልዩ ኤግዚቢሽኖች በቀር የሦስቱም መግቢያ ነጻ ነው፤ ስለዚህ የቀረውን ሌላ ቀን ተመልሰው ቢያዩት ገንዘብ አይባክንም። ዓርብን ከመረጡ ደግሞ ቪክቶሪያ እና አልበርት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ክፍት ነው።