«ስታረግዢ ኮርሱን ማን ይሸፍናል?» አሉኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ባለፈው ወር አንድ ዩኒቨርሲቲ ለሌክቸረርነት አመልክቼ ሾርት ሊስት ውስጥ ገባሁና ለኢንተርቪው ተጠራሁ። አምስት ሰው ተቀምጧል፣ አራቱ ወንዶች ናቸው። ስለ ሪሰርቼ ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝና ከዛ አንዱ ቀለበቴን አይቶ «ባለትዳር ነሽ? ልጅስ?» አለኝ፣ ገና ነው ስለው «እና ስታረግዢ ኮርሱን ማን ይሸፍናል?» ብሎ ሳቀ፣ ሌሎቹም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አልተመረጥሽም የሚል ኢሜይል መጣ፣ ምክንያት የሚባል ነገር የለውም። ይሄ አድልዎ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያካበድኩት? ቅሬታ ላቅርብ ብልስ ምን ይዤ? — የሳቀችው

መልስ፦ እህቴ፣ አላካበድሽም። በመሳቅሽም አትፀፀቺ፣ እንጀራሽን የያዙ አምስት ሰዎች ፊት ለፊትሽ ተቀምጠው ሲስቁ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ካንቺ በፊት የገባው ወንድ አመልካች «ልጅ ስትወልድ ኮርሱን ማን ይሸፍናል?» ተብሎ የተጠየቀ ይመስልሻል? ወንዶችም እኮ ይወልዳሉ፣ አባት ይባላሉ። ጥያቄው ላንቺ ብቻ ከመጣ ስለ ስራው አልነበረም ማለት ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው 111ኛው ስምምነት በዘር፣ በቀለም፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አስተያየት፣ በብሔራዊ ወይም በማህበራዊ አመጣጥ የሰውን የስራ እድል ማጣበብ አድልዎ ነው ይላል፣ ስራው በባህሪው የግድ የሚጠይቀው ነገር ሲሆን ግን አድልዎ አይባልም። ማርገዝ አለማርገዝ ደግሞ ሌክቸር ለመስጠት የሚያስፈልግ ብቃት አይደለም።

ምን ይዤ ላልሽው፣ ዛሬውኑ ቁጭ በይና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ቃል በቃል ምን እንደተባለ ፃፊ። አሳጥረሽ አይደለም፣ ሳቁን ጨምረሽ። ቀጥለሽ ለሰው ሃብት ክፍሉ ኢሜይል ላኪ፣ ግን «ለምን ጣላችሁኝ» እንዳትዪ፣ «በየመስፈርቱ ያገኘሁት ነጥብና የተመረጠው ሰው ነጥብ ይገለፅልኝ» በይ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ለመጀመሪያው «ጠንካራ ተወዳዳሪ ስለነበረ» ብለው ይሸኙሻል፣ ለሁለተኛው ወይ ወረቀት ያወጣሉ ወይ ወረቀት የላቸውም። በብዙ አገር ህግ ደግሞ አድልዎ ሊኖር እንደሚችል የሚያሳይ ነገር ካቀረብሽ በኋላ አልነበረም ብሎ የማስረዳቱ ሸክም ወደ ቀጣሪው ይዞራል፣ ስለዚህ የነሱ ወረቀት አለመኖር ያንቺ ችግር ብቻ አይደለም። የቅሬታ ማቅረቢያ ቀን እንዳያልፍብሽ ግን መጀመሪያ እሱን አጣሪ።

ስለ ነጥብ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት እኔም የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ፎርሙ ላይ የትምህርት ማስረጃ ይሄን ያህል፣ ፐብሊኬሽን ይሄን ያህል፣ ከዛ መጨረሻ ላይ «ጠቅላላ ሁኔታ» የሚል 20 ነጥብ አለ። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። አጠገቤ ያለው ሰውዬ መጀመሪያ ድምሩን ከታች በእርሳስ ይፅፍና ከዛ ወደ ላይ እያከፋፈለ ይሞላ ነበር፣ የጎደለውን በሙሉ «ጠቅላላ ሁኔታ» ላይ ይወረውራል። ሰብሳቢው አይቶታል፣ እኔም አይቻለሁ፣ ዝም አልን። አድልዎ ሁሌ ጥርሱን አግጦ የሚመጣ ይመስለናል እንጂ አብዛኛው የሚገባው በእንዲህ አይነት ክፍተት ነው። ለዚህ ነው መስፈርቱና የነጥቡ ክፍፍል የማንም ፋይል ሳይከፈት በፊት ተፅፎ ይለቅ የምለው፣ ጥያቄዎቹም ለሁሉም አመልካች አንድ አይነት ይሁኑ።

«ኮሚቴው ውስጥ ሴት ይጨመር» የሚሉ አሉ፣ ይጨመር፣ ግን እሱ ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት 127 የሳይንስ መምህራን አንድ አይነት ማመልከቻ ተሰጣቸው፣ ልዩነቱ ገሚሱ ላይ ጆን ገሚሱ ላይ ጄኒፈር የሚል ስም መኖሩ ብቻ ነው። ጆን የበለጠ ብቁ ነው ተባለ፣ የታሰበለት ደመወዝም በለጠ፣ በዚህ ደግሞ ሴቶቹ መምህራን ከወንዶቹ አልተሻሉም።

ጥያቄ፦ የዲፓርትመንት ኃላፊ ነኝ። እኛ ጋ ሁሉም በእኩል ነው የሚዳኘው። ለዕድገት «4 ዓመት ያልተቋረጠ አገልግሎት» ይላል ደንባችን። አንዲት ባልደረባችን ወሊድ ወጥታ ስለተመለሰች ቆጠራው ከዜሮ ይጀምር ስንላት አድልዎ ነው ብላ ከሰሰችን። ደንቡ ወንድ ሴት አይልም፣ ታዲያ አድልዎው የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ «ያልተቋረጠ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ያለው ኃላፊ። ደንቡ ወንድ ሴት አይበል እንጂ ሲተገበር ማን ላይ እንደሚወድቅ ይዩት፣ በወሊድ ምክንያት አገልግሎቱ የሚቋረጥበት ወንድ እስቲ ይቁጠሩልኝ። ይሄ ነው ቀጥተኛ ያልሆነ አድልዎ የሚባለው። ማሪያ ጎፐርት ማየርን ያስታውሷታል? የፊዚክስ ሊቋ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ባልና ሚስት አንድ ቦታ አይቀጠሩም የሚል ደንብ ነበራቸው፣ ሲያዩት በዝምድና መቀጣጠርን ለመከላከል የወጣ ቆንጆ ደንብ ነው፣ ወንድ ሴት አይልም። ባልየው ፕሮፌሰር ሆኖ ተቀጠረ፣ እሷ ለዓመታት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ደመወዝ ሰራች፣ የኖቤል ያሸለማትን ስራ ስትሰራ እንኳን ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አይከፍላትም ነበር። ደመወዝ የሚከፈላት ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፣ በ1963 ኖቤል ወሰደች። መፍትሄው ከባድ አይደለም፣ ቆጠራው በእረፍቱ ጊዜ ይቁም፣ ስትመለስ ካቆመበት ይቀጥል። ሁለት ዓመት አገልግላ ከወጣች ሁለት ዓመት ይቀራታል፣ አለቀ።

ጥያቄ፦ ለሴት ተጨማሪ ነጥብ ሲሰጥ እኔ ወንዱ አልተበደልኩም?

መልስ፦ ስሜትህ ይገባኛል፣ ግን ያው 111ኛው ስምምነት ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸውን ለመርዳት የሚወሰድ እርምጃ አድልዎ ተብሎ እንዳይቆጠር ይፈቅዳል። መጠየቅ ያለብህ ነጥቡ ማስታወቂያው ላይ ቀድሞ ተፅፎ ነበር ወይ ነው። ውጤት ከታየ በኋላ ከመጣ ግን ተከራከር፣ እኔም ካንተ ጋ ነኝ።

ጥያቄ፦ አይነስውር ነኝ፣ ለረዳት መምህርነት ፈተና ተጠርቻለሁ፣ ፈተናው በወረቀት ነው። ቀድሜ ልንገራቸው ወይስ ሄጄ እዛው?

መልስ፦ ቀድመህ፣ በፅሁፍ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ተመጣጣኝ ማመቻቸትን መከልከል ራሱ አድልዎ ነው ይላል፣ ለመከልከላቸው ግን መጀመሪያ መጠየቅህ መታወቅ አለበት። የህክምና ታሪክህን አትዘርዝርላቸው፣ አያገባቸውም። የሚያስፈልግህን ብቻ በግልፅ ፃፍ፣ ስክሪን ሪደር (ፅሁፉን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ያለው ኮምፒውተር፣ ፈተናው ስካን የተደረገ ፎቶ ሳይሆን በሚነበብ ፋይል፣ ተጨማሪ ሰዓት። መልስ እስኪሰጡህ ደጋግመህ ላክ። የጆሮ ማዳመጫህን ግን ራስህ ይዘህ ሂድ፣ እሱን ሁሌ ይረሱታል።