የሸንተረር ሌዘር ሆዴን አቃጠለኝ፤ ፈርሜያለሁና መክሰስ አልችልም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከሁለተኛ ልጄ በኋላ ሆዴ ላይ የቀረውን ሸንተረር ለማስጠፋት ባሕር ዳር አንድ የቆዳ ክሊኒክ ሄድኩ። ለስድስት ጊዜ ሌዘር 36,000 ብር ቀድሜ ከፈልኩ። በቴሌግራም «መቶ በመቶ ይጠፋል» ብለውኝ ነበር። ከሦስተኛው በኋላ ቆዳዬ ውሃ ቋጠረ። አሁን መሣሪያው ባረፈበት ልክ አራት ማዕዘን ጥቁር ምልክት ቀርቷል። ቅሬታ ሳቀርብ «ፈርመሻል» አሉኝ። ገንዘብ አንመልስም፣ ሁለት ጊዜ በነፃ እንሠራልሻለን ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ «የሆድሽን ፎቶ ዳኛ ሊያየው ነው? ተይው» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርዎት። መክሰስ ይችላሉ። ግን ምን ብለው እንደሚከሱ ከወዲሁ እንለይ።

«ሸንተረሩ አልጠፋልኝም» የሚለው ደካማ ክስ ነው። ሸንተረር ቆዳ ከመጠን በላይ ሲለጠጥ ከውስጥ ተሰንጥቆ የሚተወው ጠባሳ ነው። ሌዘር ያደበዝዘዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ገና ቀላ ያለው ይሻላል፤ የቆየውና የነጣው ይለግማል። ሕጉም ከሐኪም ተአምር አይጠብቅም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2647 መሠረት ሐኪሙ በግልጽ በጽሑፍ ቃል ካልገባ በቀር ለውጤቱ ዋስ አይሆንም።

«በጽሑፍ» የምትለዋን ያዙልኝ። ያ የቴሌግራም መልእክት ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ክሊኒኩ «ማስታወቂያ ነው እንጂ ውል አይደለም» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ ሊሳካለትም ይችላል። ቢሆንም በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ውድቅ አይደረግም። ስለዚህ ዛሬውኑ ስክሪንሹት ያንሱት። ቴሌግራም ላይ ላኪው መልእክቱን ከእርስዎም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል።

«ቆዳዬን አቃጠሉት» የሚለው ግን ሌላ ክስ ነው፤ እኔ ብሆን በዚህ ነው የምሄደው። የጠይም ቆዳ ቀለም የሌዘሩን ኃይል ወደ ራሱ ስለሚስብ በቀላሉ ይቃጠላል፣ ይጠቁራል። ጠንቃቃ ባለሙያ ለዚህ ብሎ ኃይሉን ይቀንሳል፤ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮም ውጤቱን ይጠብቃል። ለእርስዎ ይህ ተደርጓል? መሣሪያውን የያዘውስ የቆዳ ሐኪም ነበር ወይስ የውበት ሠራተኛ? ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በቁጥር 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋሙ ለሐኪሞቹም ለረዳቶቹም ጥፋት ይጠየቃል። «ልጅቷ ናት ያጠፋችው፣ ከሥራም ለቃለች» ቢሉዎት ከተጠያቂነት አያመልጡም።

አንድ ነገር ግን አልደብቅዎትም። በጥንቃቄ የተሠራ ሌዘርም አንዳንዴ ያጠቁራል። ስለዚህ ጥቁረቱ ብቻውን ጥፋት መኖሩን አያሳይም፤ የማስረዳቱ ሸክምም የእርስዎ ነው።

ፊርማውስ? ሲፈርሙ የተቀበሉት በደንብ የተነገረዎትን፣ በጥንቃቄ ተሠርቶም ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ነው። ግዴለሽነትን አልተቀበሉም። በሕጋችን ማንም ሰው ለራሱ ጥፋት አስቀድሞ «አልጠየቅም» ብሎ ነፃ መውጣት አይችልም። ወረቀቱ ላይ «ለማንኛውም ጉዳት አልጠይቅም» የሚል ካለ አያስደንግጥዎት።

አሁን ማስረጃ። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄደው ሌላ የቆዳ ሐኪም ይይዎትና ያየውን በጽሑፍ ያስሰጡ። ምልክቱን በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሱት፤ ቀኑ ይመዝገብ። ከክሊኒኩ የካርድዎን ቅጂ በማመልከቻ ይጠይቁ። ስንት ኃይል እንደተጠቀሙ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ካልተጻፈም አለመጻፉ ራሱ ለእርስዎ መከራከሪያ ነው። ለክልሉ ጤና ቢሮ አቤት ማለትም ይችላሉ። ክሊኒኩ ለሌዘር ፈቃድ አለው ወይስ የለውም የሚለውን የሚያጣራው እሱ ነው። ካሳ ግን አይሰጥዎትም።

ስለ ገንዘቡ፦ ያልተሠራው ሦስት ጊዜ 18,000 ብር ነው፤ እሱን መጠየቅ ቀላሉ ነው። ለቃጠሎው ያወጡትን የሕክምና ወጪም በደረሰኝ ይጠይቃሉ። የሕሊና ጉዳት ካሳ (ለደረሰብዎ ስቃይና ሐዘን የሚከፈለው) ላይ ግን ብዙ ተስፋ አያድርጉ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። ዛሬ 1,000 ብር ለእንዲህ ያለ ስቃይ ካሳ ነው ማለት ያሳፍራል፤ ግን ሕግ ነው።

ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሳ ክስ፣ ማለትም በውል ሳይሆን በጥፋት ላይ የተመሠረተው፣ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። እርስዎ ውል ስላለዎት አሥር ዓመት አለኝ ሊሉ ይችላሉ። የሕግ ክርክር ይነሣበታልና ሁለት ዓመቱን አያሳልፉ።

ባለቤትዎ ያነሡት ነገር ቀላል አይደለም። ፎቶው በአደባባይ አይዞርም። ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይ ማመልከት ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም የሐኪሙ ማስረጃ ከፎቶው ይበልጣል።

ከክሱ በፊት ለክሊኒኩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። 18,000 ብሩ እንዲመለስና የሕክምና ወጪዎ እንዲከፈል ቀን ቆርጠው ይጻፉ፤ ቅጂው ላይ አስፈርመው ይያዙ። በነፃ እንሥራልሽ ያሉትን ደግሞ ሌላው ሐኪም ሳያይዎት እንዳይቀበሉ። «ተስማምቻለሁ፣ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ካቀረቡልዎት ይዘውት ይምጡና ጠበቃ ያንብበው፤ ያን ከፈረሙ በኋላ እኔም ልረዳዎት አልችልም።