የወጥ ቤት ጥያቄና መልስ፦ ሲኒጋንጉ ለምን የሎላን አልሆነም?

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ባለቤቴ ፊሊፒናዊት ናት። ልጅ ሳለች ዝናብ በጣለ ቁጥር አያቷ፣ «ሎላ» የምትላቸው፣ የሽሪምፕ ሲኒጋንግ፣ ማለትም የፊሊፒንስ ኮምጣጣ ሾርባ፣ ይሠሩላት ነበር። ላስደስታት ብዬ የታሸገ የተምር ሂንዲ ድልህ ገዝቼ ሞከርኩ። መረቁ ቡናማ ሆነ፣ ጣዕሙ ወደ ጣፋጭ አደላ፣ ጎደሬው አልበስል አለ፣ ሽሪምፑ ደግሞ ላስቲክ ሆነ። «ይጣፍጣል፣ የሎላ ግን አይደለም» አለችኝ። ምኑ ላይ ነው የሳትኩት?

መልስ፦ ድስቱን ከመጣድዎ በፊት ባለቤትዎን ይጠይቋት፦ ሎላ በምን ነበር የሚያኮመጥጡት? ሲኒጋንግ የሚለው ስም «ሲጋንግ» ከሚል የታጋሎግ (የፊሊፒንስ ቋንቋ) ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ መቀቀል ነው፤ ማኮምጠጫው ምን እንደሆነ ስሙ አይናገርም። በማኒላና በአካባቢዋ ብዙው ሰው በሳምፓሎክ፣ ማለትም በተምር ሂንዲ ይሠራል። ኢሎይሎና ኔግሮስ የሚባሉት የፊሊፒንስ አካባቢዎች ባትዋን የሚባል ክብ አረንጓዴ ፍሬ አላቸው። ካሚያስ (ኮምጣጣ አረንጓዴ ፍሬ)፣ ካላማንሲ (ትንሽ ሎሚ መሰል ፍሬ)፣ ጥሬ ማንጎ፣ የበሰለ ዘይቱን (ጉዋቫ) የሚጠቀሙም ሞልተዋል። የምታስታውሰው የጠጅ ሳር ሽታ ያለው፣ እምብዛም የማይኮመጥጥ ጥርት ያለ መረቅ ከሆነና ቤተሰቧ ከሴቡ አካባቢ ከሆኑ፣ የምትናፍቀው ሲኒጋንግ ሳይሆን እዚያ ቲኖላ የሚሉት የዓሣ ሾርባ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ተምር ሂንዲ ቢጨምሩበት ይብሱን ይርቃል።

መልሷ «ሳምፓሎክ» ከሆነ፣ የመጀመሪያው ጥፋት ድልሁ ነው። የታሸገው ድልህ ከበሰለ ፍሬ የተሠራ ነው፤ የበሰለ ተምር ሂንዲ ቡናማና ጣፋጭ ነው፣ አንዳንዱም ስኳር ይጨመርበታል። ለሲኒጋንግ የሚፈለገው ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ነው፤ ጥርስ የሚያጠርሰው እሱ ነው። የፊሊፒኖች ሱቅ ውስጥ በፍሪዘር የቀዘቀዘ ይገኛል። ለአራት ሰው 250 ግራም ያህሉን አጥበው በሁለት ኩባያ ውሃ ልጣጩ እስኪፈነዳ ይቀቅሉ፤ በማንኪያ ጀርባ ጨፍልቀው በወንፊት ያጥልሉት፤ ዘሩንና ቃጫውን ይጣሉ። አረንጓዴው ካልተገኘ ስኳር የሌለበትን የበሰለ ጥፍጥፍ 60 ግራም በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ያጥልሉ፣ የጎደለውን ኮምጣጣነት እሳቱን ካጠፉ በኋላ በሎሚ ይሙሉት። ቡናማነቱ ግን አይለቅም።

ጎደሬው ያልበሰለው ኮምጣጣው ቀድሞ ስለገባ ነው። አሲድ ያለበት ውሃ ውስጥ ሥራሥርና አትክልት ቶሎ አይለሰልስም፤ አንድ ሰዓት ቢንተከተክ እንኳ መሐሉ ይጠነክራል። ስለዚህ ተምር ሂንዲው የሚገባው ጎደሬው ሹካ ሲወጋው ከለሰለሰ በኋላ ብቻ ነው። ይህን አንዱን ብቻ ቢያስተካክሉ ግማሹ መንገድ ተጠናቀቀ።

እንግዲህ አሠራሩ። ሩዝ ሲያጥቡ የመጀመሪያውን ውሃ ይድፉ፣ ሁለተኛውን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ያስቀምጡ፤ በውስጡ ያለው የሩዝ ዱቄት መረቁን ትንሽ ያወፍረዋል፣ የኮምጣጣውንም ስለት ያበርደዋል። ድስቱ አይዝጌ ብረት ወይም ኤናሜል ይሁን። በአሉሚኒየም ድስት ከተሠራ ኮምጣጣው ብረቱን እየነካ የብረት ጣዕም ያመጣል። በሩዙ ውሃ አንድ ራስ ሽንኩርት፣ ሁለት የተቆረጠ ቲማቲምና 300 ግራም የተላጠ ጎደሬ ይጣዱ። ጎደሬ ጥሬውን እጅ ያሳክካል፤ በደረቅ እጅ ወይም በጓንት ይላጡት፣ በደንብ ሳይበስልም አይቅመሱት፣ ጉሮሮ ይቆነጥጣል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ጥቂቱን ጎደሬ መረቁ ውስጥ ጨፍልቀው የሚያወፍሩ ቤቶች አሉ፤ ሎላ ከእነዚህ ወገን ከነበሩ መረቁ ወፈር ያለ እንደነበር ባለቤትዎ ታስታውሰዋለች።

ከዚያ የተምር ሂንዲው ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፓቲስ (ከትናንሽ ዓሣና ከጨው ተብላልቶ የሚወጣው ፈሳሽ)፣ በቀጭኑ የተከተፈ ረጅም ነጭ ራዲሽ፣ ሁለት ያልተሰነጠቀ ረጅም አረንጓዴ ቃሪያ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በጣት ርዝመት የተቆረጠ ረጅም ፎሶሊያ፣ አንድ ደበርጃንና ስድስት ባሚያ። ባሚያውን ጫፉን ብቻ ይቁረጡለት፤ ሆዱ ከተከፈተ መረቁን ያዝለገልገዋል።

ሽሪምፑ፣ በባሕረ ሰላጤው ገበያ ሩቢያን የሚሉት፣ 500 ግራም ከነራሱና ከነቅርፊቱ ይሁን፤ የመረቁ ነፍስ ያለው ራሱ ውስጥ ነው። ተላጦ የታሸገውን ገዝተው ከሆነ የሎላን ጣዕም ከዚያ አይጠብቁ። ራሱ ሲነካ የሚንጠለጠል ወይም የሚሸት ከሆነ አይግዙት። ጢሙንና የግንባሩን እሾህ በመቀስ ይቁረጡ፣ ጀርባውን ሰንጥቀው ጥቁሩን መስመር ያውጡ፣ ቅርፊቱን ይተዉት። የአራት አምስቱን ራስ በሙቀጫ ወቅጠው በትንሽ መረቅ አጥልለው ቢመልሱት ብርቱካንማ ቅባት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ሽሪምፑን አትክልቱ ሁሉ ከበሰለ በኋላ ይጨምሩ፤ መካከለኛው መጠን ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ሲጎብጥ በስሏል፤ ጭራውና አንገቱ ተገናኝተው ቀለበት ከሠሩ አልፎበታል። ላስቲክ የሆነብዎ እዚህ ላይ ነው። እሳቱን አጥፍተው አንድ እስር ካንግኮንግ (ግንዱ ባዶ የሆነ የውሃ ቅጠል) ይበትኑበት፣ ይክደኑት፣ በሙቀቱ ይለሰልሳል። በነጭ ሩዝ፣ ከጎኑም ቃሪያ የተጨፈለቀበት ፓቲስ ይቀርባል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ሽሪምፕ አይገኝም፣ ቢገኝም በሃይማኖታችን አንበላውም። በቆሮሶ ይሆናል? ተምር ሂንዲስ በምን ይተካል?

መልስ፦ በደንብ ይሆናል። ፊሊፒንስ ውስጥ የዓሣ ሲኒጋንግ የዕለት ምግብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ባንጉስ በሚባለው ዓሣ፣ በቆሮሶም ይሠራል። ሥጋው ብቻ የተገፈፈ አይጠቀሙ፣ መረቁ ውስጥ ይበታተናል፤ ከነአጥንቱ ለሦስት ተቆርጦ፣ ራሱም ቢጨመር ይሻላል። የሐይቅ ዓሣ የጭቃ ሽታ ካለው በጨውና በሎሚ አሽተው ይጠቡት፣ መረቁ ላይም ሁለት ሦስት ስንጣቂ ዝንጅብል ይጨምሩ። ዓሣው ከገባ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይበቃዋል፤ በማንኪያ አያማስሉ፣ ድስቱን በጆሮው ይዘው ያወዛውዙ።

ማኮምጠጫውን በተመለከተ፣ ከምሥራቅ የሚመጣውን ሁመር (ሮቃ የሚሉትም አሉ) ካገኙ እሱ ራሱ ተምር ሂንዲ ነው። ካላገኙ አንድ ጥሬ ማንጎ ልጠው ቆራርጠው ይቀቅሉ፣ ይጨፍልቁ። በበሰለ ዘይቱን የሚሠራው ደግሞ ራሱን የቻለ የታወቀ ዓይነት ነው፦ አምስት ስድስት ፍሬ ከፍለው ቀቅለው ዘሩን በወንፊት ይለዩ፣ በሎሚ ያጠንክሩት፤ ለስላሳና ሽታው የሚያውድ መረቅ ይወጣል። ኮምጣጤ ግን አይጨምሩ። ዓሣ በኮምጣጤ ሲቀቀል ፓክሲው የሚባል ሌላ ምግብ ነው። ለካንግኮንግ ቆስጣ ይተኩ፤ ግንዱን ከቅጠሉ ሁለት ደቂቃ አስቀድመው ይጨምሩት።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ አብራኝ የምትሠራው ፊሊፒናዊት የሲኒጋንግ ዱቄት በፓኬት ሰጠችኝ። ሙሉውን ስጨምር መረቁ ጨው ሆነ። የተረፈውንም በማግስቱ ሳሞቀው ቅጠሉ ጠቆረ፤ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ዱቄቱ ኮምጣጣ ብቻ አይደለም፤ ጨውና ማጣፈጫም አለበት። ግማሹን ጨምረሽ ቅመሺ፣ ፓቲሱን ከሁሉ በኋላ አድርጊው። የቅጠሉ መጥቆር ብልሽት አይደለም፤ አሲድና ሙቀት አረንጓዴውን ቀለም ወደ ወይራ ስለሚለውጡት ነው። ለነገ የሚተርፍ ከሆነ መረቁ እንደበረደ ሳይውል ሳያድር ፍሪጅ ይግባ፣ ሽሪምፑንም በሌላ ዕቃ ለይተሽ አስቀምጪው። በማግስቱ መረቁን ብቻ አፍልተሽ እሳቱን ቀንሺ፣ ሽሪምፑን መልሰሽ እስኪግል ድረስ ብቻ አቆዪው፣ አዲስ ቅጠል ጨምረሽ አውጪው።