ጥያቄና መልስ፦ አምፖሉ ለምን ቶሎ ይቃጠላል?

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ የምንገዛቸው ኤልኢዲ አምፖሎች ካርቶናቸው ላይ ብዙ ሺህ ሰዓት ይላል፤ ግን ዓመት ሳይሞላቸው ይጠፋሉ። ለምን?
(ከአዘዞ)

መልስ፦ የመብራት መዋዠቅ ድርሻ ቢኖረውም ዋናው ምክንያት የአምራቾች ስስት ነው። ቺፕ (ብርሃን የሚሰጡትን ትንንሽ ነጥቦች) ቀንሰው በቀሩት ላይ ብዙ ከረንት ይለቃሉ፣ ሙቀቱም ያይላል። ቺፖቹ በተከታታይ ስለተያያዙ አንዱ ሲቃጠል ሁሉም ይጠፋሉ። አምፖሉን ነቅለው ሽፋኑን ቢያነሱት በተቃጠለው ቺፕ ላይ ጥቁር ነጥብ ያያሉ። ጥቁር ነጥብ ከሌለ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ሲሊንደር) አብጦ እንደሆነ ይመልከቱ።

ልማዱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ኦስራም፣ ፊሊፕስና ሌሎች አምራቾች ፌቡስ በተባለ ስምምነት የያኔውን ባለ ክር አምፖል ዕድሜ 1,000 ሰዓት ላይ ገደቡ፤ ከዚያ በላይ የሚበራ ያመረተ ይቀጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ያው ፊሊፕስ ከዱባይ አስተዳደር ጋር ተስማምቶ በ3 ዋት 600 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) የሚሰጥ ኤልኢዲ አምፖል ሠራ። ብዙ ቺፕ በትንሽ ከረንት፣ ምስጢሩ ይኸው ነው። እኛም አገር አምራቾች እንዲህ እንዲሠሩ የሚያስገድድ ሕግ ልንጠይቅ ይገባል።

እስከዚያው እኩል ዋት ካላቸው ከበድ የሚለውን ይምረጡ። በተዘጋ ግሎብ ውስጥ አይግጠሙት። ከአንድ 15 ዋት ይልቅ ሁለት 7 ዋት ይሻላል፣ ሙቀቱ ይከፋፈላል።